ራስ ዓሊ አሉላና የወረሴህ ቤት ፍጻሜ

ከሳሊተ ምሕረት ተነሥቶ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው በቸርችል ጎዳና ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን አደባባይና ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን አምሳያ ያያል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ እኛ በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት የምናቀርበው እርሳቸው ድል ያደረጓቸውን ሰው፥ ያውም አማታቸውን፥ የራስ ዓሊን ታሪክ ነው።

በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ወዲህ ለጎንደር ዘውድ ስሙ እንጂ ኃይሉ አልቀረለትም። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ከየጁ የመጣው የወረሴህ ቤተ ሰብ የእንደራሴነቱን ሥልጣን በዘር እየተወራረሰ ያዘ። ዘውድ የሚጭነው ከሰሎሞን ዘር የተወለደ ብቻ ነው ስለሚባል፥ የየጁ ራሶች ራሳቸው አልነገሡም፤ የሚስማማቸውን መስፍን ያነግሣሉ፥ ሲከፋቸውም ያወርዱታል። በጃፓንም ሾጉኖች ንጉሠ ነገሥታቸውን በኪዮቶ አስቀምጠው እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ አገር የገዙት በዚሁ መንገድ ነበር።

ዓሊ የደጃዝማች አሉላ ጉግሣና የወይዘሮ መነን ሊበን ልጅ ናቸው። አጎታቸው ራስ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ጦርነት ወደቁ፤ የተተኩት ራስ ዶሪም በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሞቱ ሥልጣኑ ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ለሆናቸው ለዓሊ ደረሰ። ልጅ አገር ሊገዛ አይችልምና በስማቸው የሚያዙት የየጁ መኳንንትና እናታቸው ነበሩ። መነን ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብተው እቴጌ እስከ መባል ደረሱ።

በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከደጃዝማች ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው፥ ከግብፅ ያስመጧቸውን ጳጳስ አቡነ ሰላማንም ይዘው፥ ዓሊ ለእስላም ያደላል እያሉ ደብረ ታቦር ላይ ገጠሟቸው። የዓሊ ጦር ተሸነፈ፤ እርሳቸውም ሸሹ። ውቤ ግን በድላቸው ተደስተው በድንኳን ሲያከብሩ፥ የዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው። ሸሽተው የነበሩት ራስ ማሸነፋቸውን የሰሙት ከሩቅ ነው! ይህን ያህል ጠላት እጃቸው ከገባ በኋላም ዓሊ ውቤን ፈትተው ወደ ግዛታቸው መለሱ።

ብዙዎች ራስ ዓሊን ሰነፍ ይሏቸዋል። እኛ ግን እንጠራጠራለን። በ1842 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ቆንስል ከፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ሲፈራረሙ፥ ውሉ ጉዳት እንደሌለው፥ ነገር ግን ወደዚህ አገር የሚመጣ የእንግሊዝ ነጋዴ ስለማይኖር ጥቅምም እንደሌለው መናገራቸውን ቆንስሉ ራሱ ጽፏል። ይህ የሞኝ ሰው አስተያየት አይደለም። ጉድለታቸው መንግሥቱ በየመኳንንቱ እጅ ተበታትኖ እያዩ ለመሰብሰብ አለመነሣታቸው ነው።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በሸፈቱ ጊዜም ሊያባብሏቸው ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው። ካሣ ግን አልረጉም፤ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን በደምቢያ ድል አድርገው ማረኩ። ዓሊ እናታቸውን ለማስፈታት ለአማቻቸው ግዛት ሰጥተው ታረቁ። ዕርቁ እስከ 1845 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ዓመት በኅዳር ደጃዝማች ጎሹ፥ በካሣ ላይ የዓሊን ትእዛዝ ይዘው ሲዘምቱ፥ ጉር አምባ ላይ ሞቱ፤ በሚያዝያ ሌላው የዓሊ ጦር ጎርጎራ ብችን ላይ ተደመሰሰ፤ ደብረ ታቦርም ተቃጠለች። በሰኔ ወር ጎጃም ውስጥ አይሻል በተባለው ቦታ ዓሊ ራሳቸው ገጥመው ድል ሆኑ። ሰባ ዓመት ያህል የቆየው የወረሴህ ቤት ሥልጣን በዚያ ቀን አከተመ።

ካሣ በእንደራሴነቱ ቦታ ሊቀመጡ አልፈለጉም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማርከው፥ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። የየጁ ራሶች ባዶ አድርገው ያስቀመጡት ዘውድ ሥልጣን ያለው ባለቤት አገኘ።

ራስ ዓሊ ወደ የጁ ሸሹ፤ ዳግመኛም ሥልጣን አልያዙም። ተዋበች ከአባታቸው ይልቅ ለባላቸው ታምነው እስከ ዕረፍታቸው፥ እስከ 1850 ዓ.ም. ድረስ፥ ከቴዎድሮስ ጋር ኖሩ።