ከመጻፍ በፊት ማሰብን ያስተማሩት የኮምፒውተር ሊቅ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በአምስተርዳም ከተማ ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ማዘጋጃ ቤት የቀረቡ አንድ ወጣት ሙያቸው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ መሆኑን ገለጹ። መዝጋቢዎቹ ግን እንዲህ ያለ ሙያ የለም በማለት አልተቀበሏቸውም፤ በሰነዱም ላይ የፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ሰፈሩ። እኚህ ሰው ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ ናቸው።

ዳይክስትራ በ1930 በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር፣ እናታቸው ደግሞ የሒሳብ ሰው ነበሩ። በ1956 ከእጮኛቸው ጋር በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው ሳለ በከተሞች መካከል ያለውን አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ስሌት በ20 ደቂቃ ውስጥ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ነደፉ። የሚጽፉበት ነገር አለመኖሩም አላስፈላጊ ውስብስብነትን እንዲያስወግዱ አስገድዷቸዋል። በ1959 የታተመው ይህ ስሌት ዛሬም ለመንገድ ጠቋሚ መሣሪያዎች መሠረት ነው።

በ1960ዎቹ ኮምፒውተሮች ኃይላቸው ሲጨምር ፕሮግራሞቹ ከጸሐፊዎቻቸው አቅም በላይ ሆኑ። ሥራዎች ይዘገዩ፣ ወጪያቸው ይንር፣ ስሕተታቸውም ይበዛ ነበር። ዳይክስትራ በአይንድሆቨን ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከስድስት ያልበለጡ፣ ግማሽ የሥራ ጊዜያቸውን ብቻ የሚሰጡ ባለሙያዎችን ይዘው ሌላ መንገድ መረጡ። ኮምፒውተሩን የሚመራውን ሥርዓት በደረጃ ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ደረጃ ከሥሩ ባለው ላይ ብቻ ይቆማል፤ የታችኛው በሚገባ ሳይፈተሽም የላይኛው አይጨመርም። መሠረቱ ሳይጸና ግድግዳ እንደማይቆመው ማለት ነው። በንድፉ ላይ ረጅም ጊዜ በመውሰዳቸው በሙከራ ወቅት የተገኙት ስሕተቶች ጥቃቅን ነበሩ፤ እያንዳንዱም በ10 ደቂቃ ፍተሻ ምንጩ ይታወቅ ነበር።

በ1968 ፕሮግራምን ከቦታ ቦታ የሚያዘልለውን ትእዛዝ የሚነቅፍ አጭር ደብዳቤ አሳተሙ። ትእዛዙን የለመዱ ብዙ ባለሙያዎች ተቆጡ። እርሳቸው ግን አቋማቸውን አልለወጡም፤ አንባቢ ሊከተለው የማይችለውን ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ሊያምነው አይገባም የሚል እምነት ነበራቸው። በ1972 የዘርፉን ታላቅ ክብር፣ የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ።

ልማዳቸውም ከትምህርታቸው የተለየ አልነበረም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው ጽሑፎችን በጋራ እያነበቡ ይመረምሩ ነበር። ሐሳባቸውን በቀለም ብዕር እየጻፉ፣ ቁጥር እየሰጡ፣ በፖስታ ለወዳጆቻቸው ይልኩ ነበር፤ ተቀባዮቹም እያባዙ ለሌሎች ያደርሱታል። እነዚህ ጽሑፎች ከ1,300 በላይ ናቸው።

ከ1984 ጀምሮ በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ1999 ጡረታ ወጡ። ነሐሴ 2002 በአገራቸው በኑዌነን በ72 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም አረፉ። ባንክ፣ ሆስፒታልና ስልክ በሶፍትዌር በሚሠሩበት በዚህ ዘመን፣ በችኮላ የተጻፈ ፕሮግራም የሚያስከፍለው ዋጋ በጸሐፊው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ገንዘቡን፣ ጤናውንና ሥራውን በእርሱ ላይ ለጣለ ሰው ሁሉ ይተርፋል።