ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን

በቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ሥዕል ታሪክ ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተጽፎ ከምናገኛቸው ቀደምት ሠዓልያን አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው። የጥንት ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸውን አያኖሩም ነበር። የእርሱ ስም ግን በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በምትገኝ ታላቅ ሥዕለ አድኅኖ ላይ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ከአበምኔቱ ከይስሐቅ ስም ጋር ይነበባል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. በነገሠበት ዘመን የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያምም በአብያተ ክርስቲያናት እንዲነበብ ሥርዓት ሠራ። ጆሮ የሰማውን ዐይንም ያይ ዘንድ ሥዕል አስፈለገ። ቀድሞ በብራናና በግድግዳ ላይ ይበዛ የነበረው ሥዕል በእንጨት ገበታ ላይም እየተስፋፋ መጣ። ፍሬ ጽዮን የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

በሥዕሉ እመቤታችን ምስለ ፍቁር ወልዳ በመካከል ትቀመጣለች፤ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል በግራ በቀኝ ቆመው ክንፋቸውን ይዘረጋሉ። ፊቶቹ ክብ፣ አፍንጫቸው ረዘም ያለ፣ አስተያየታቸው የሰከነ ነው። መስመሩ ጥርት ያለ፣ ቀለሙም ደማቅ ነው።

ይህ ስልት ከአንድ ምንጭ ብቻ አልተቀዳም። መሠረቱ የሀገራችን የብራና ሥዕል ሲሆን የቢዛንታይንና የኢጣሊያ ሥዕሎች ፈለግም ይታይበታል። ከዐፄ ዳዊት ዘመን ጀምሮ ወደ ቬኒስ መልእክተኞች ይላኩ፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ምእመናን ይሳለሙ ስለነበር የውጭ ሥዕል ለሀገራችን እንግዳ አልነበረም። ፍሬ ጽዮን ግን ያየውን እንዳለ አልገለበጠም። ሥርዓቱንና መልኩን ኢትዮጵያዊ አድርጎ ሣለው እንጂ።

ፈለጉን የተከተሉ ሠዓልያን ብዙ ናቸው። ከሥራቸውም ዛሬ ከሀገር ውጭ፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ ሙዚየም ሳይቀር ይገኛል።

በዘመናችን ከውጭ የታተሙ ሥዕሎች ሥርዓታቸው ሳይመረመር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲሰቀሉ፣ ነባሮቹ ደግሞ በጢስና በእርጥበት ሲጎዱ እናያለን። የፍሬ ጽዮን ሕይወት የሚያስተምረን ከሌላው መማር ነውር አለመሆኑን፣ የራስን ጥሎ የሌላውን ማንጠልጠል ግን ጉዳት መሆኑን ነው። ሥዕለ አድኅኖ የቤት ጌጥ ሳትሆን የጸሎት መስኮት ናትና አባቶች ያቆዩልንን መጠበቅ፣ ለሚሥሉትም ሥርዓቱን ማስተማር የሁላችን ድርሻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።