አደኑን ትተው የወጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት

ነሐሴ ሲገባ ዴንቨርና ኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በሁለት ቦታ እንተያያለን፤ በቤተ ክርስቲያንና በቼሪ ክሪክ ግድብ ዳር። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዳቸውን ገዝተው ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጡ ወገኖች አሉን። ከእነዚህ መካከል በአጥማጅነቱ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ወዳጃችን ዘንጉን ለልጁ አስረክቦ ቅዳሜውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰጥቷል። ጓደኞቹ ቅዱስ ጴጥሮስ እያሉ ይቀልዱበታል። እኛን ግን ያስታወሱን የራሳችን ሰው ናቸው፤ ዕረፍታቸው ነሐሴ 24 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 30፣ የሚታሰበው አቡነ ተክለ ሃይማኖት።

ስማቸውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ አዳኝ እንደ ነበሩ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በሸዋ፣ በቡልጋ ኢቲሳ፣ ከካህኑ ጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ገድላቸው እንደሚለው በ15 ዓመታቸው ዲቁና የተቀበሉት ወጣት ልባቸው ዱር ነበር፤ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው አራዊት ማደን ይወዱ ነበር። በዚያ ዘመን አደን እንደ ዛሬው የቅዳሜ መዝናኛ አይደለም። ግዳይ የጣለ ይፎከርለታል፣ ይሾማል፣ ይሸለማል። አደን መተው ስም መተው ነው።

አንድ ቀን በበረሃ ሳሉ በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል በኩል ጥሪ መጣላቸው፤ ከእንግዲህ የሚያድኑት የሰውን ነፍስ እንጂ አውሬ እንዳይሆን ተነገራቸው። ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ወደ ቤት ተመልሰው ያላቸውን ሁሉ ለድሆች አካፈሉና የቤታቸውን በር እንደተከፈተ ትተው ወጡ።

ገድሉን ባነበብን ቁጥር እዚህች በር ላይ እንቆማለን። እኛ ከአገር ስንወጣ ቆልፈን ነው የወጣነው። ቁልፉም እስከ ዛሬ በመሳቢያችን ውስጥ አለ፤ በሩ ግን ይኑር አይኑር እግዜር ይወቀው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በዳሞት፣ በፊት እናታቸውን ማርኮ ወስዷት በነበረው በሞተለሚ አገር፣ ሰበኩ። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደው ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተቀመጡ፤ ደብረ ዳሞም ወጡ። ከገደሉ ሲወርዱ ገመዱ ቢበጠስ ስድስት ክንፍ እንዳወጡ፣ ኋላም በቆሙበት ጸሎት አንድ እግራቸው እንደ ተቆረጠ ገድሉ ይተርካል። በመጨረሻ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1284 ገደማ፣ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ብዙዎቹ ምሁራን ዕረፍታቸውን እ.ኤ.አ. 1313 ላይ ያደርጉታል፤ በትውፊቱ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር እንምጣ። በልጅነታችን የተማርነው ታሪክ እኚሁ መነኩሴ የዛጉዌውን ንጉሥ አሳምነው ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ እንዳስረከቡ፣ ለውለታቸውም የአገሪቱ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን እንደ ተሰጠ ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሠው ግን እ.ኤ.አ. በ1270 ነው፤ ደብረ አስቦ ገና አልተመሠረተም። ታደሰ ታምራትን የመሳሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ይህ ትረካ ዘግይቶ የተጨመረ መሆኑን አሳይተዋል። ገድላቸውም የተጻፈው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ገዳሙ ከቤተ መንግሥት ጋር ታርቆ ገንኖ ነበር።

እኛ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለንም። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ባሳለፍናቸው ዓመታት የስንቱን ሟች ሹም የሕይወት ታሪክ አርመናል! ያልዋለበትን ጦር ሜዳ ጨምረንለታል፣ የታሰረበትን ዓመት ዘለንለታል። ማንም በጠብመንጃ አላስገደደንም፤ ምን እንደሚፈለግ እናውቅ ነበር። ስለዚህ ዱርን ትቶ የወጣ ሰው በብራና ላይ አንጋሽ ሆኖ ስናገኘው የማን እጅ እንደ ነካው ለመገመት አንቸገርም።

እውነተኛውን ውርስ ማየት የሚሻ ደቀ መዛሙርቱን ይመልከት። በደብረ አስቦ ከእሳቸው በኋላ ከኤልሳዕ ቀጥለው መንበሩን የያዙት አቡነ ፊልጶስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ስለ ጋብቻው ፊት ለፊት ገሠጹት። የአባትን ሚስት ማግባት አይፈቀድም ነበር ነገሩ። ንጉሡ አሳደዳቸው። በልጁ በሰይፈ አርዕድ ዘመንም ስደቱ ቀጠለ፤ ፊልጶስም በስደት ላይ እንዳሉ አረፉ። ጓደኛቸው አኖሬዎስ ተገርፈዋል። ስለ ዙፋን ዝውውሩ የሚያወራልን ብዙ ነው፤ ስለ እነዚህ ስደተኞች የሚያወራልን ግን አናገኝም።

ገዳሙን ደብረ ሊባኖስ ያሰኘው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1445። አበምኔቱ በእጨጌነት ከግብፃዊው ጳጳስ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኒቱ ታላቅ ሰው ሆነ። ሹመት ከመጣ ደግሞ የሹመት ጣጣ አብሮ ይመጣል፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. ግን ገዳሙ ዳግመኛ ከኃይለኛ ፊት ቆመ። የአባታችን የፍልሰተ ዐፅም በዓል ግንቦት 12 ነው፤ ምእመናን ለበዓሉ በተሰበሰቡበት የግራዚያኒ ጄኔራል ማሌቲ ገዳሙን ከበበ። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ያመኑት የሟቾች ቁጥር 449 ነው፤ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ያደረጉት ጥናት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል።

ኦሮራ ባለ አንድ ወገናችን ሳሎን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ተሰቅሏል። ክንፎቹ አሉ፣ የተቆረጠችው እግር አለች። እዚህ የተወለዱት ልጆች ክንፉን አይተው ይጠይቃሉ፤ እናታቸው የደብረ ዳሞውን ገመድ ትነግራቸዋለች። ባለፈው ሄደን ስለ አደኑ ብንነግራቸው ትንሹ ልጅ በሩን ክፍት ትተው የሄዱ ዕለት ሌባ ገብቶ እንደ ሆነ ጠየቀን። የሚሰረቅ ነገር እንዳልተዉ ነገርነው።