ራልፍ ባንችና የሮድስ ሽምግልና

ለዚህ እትም የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ ጻፊ ስባል ብዙዎቻችሁ ንጉሥ ወይም አርበኛ እንደምትጠብቁ ገምቻለሁ። እኔ የመረጥኩት ግን ራልፍ ባንችን ነው። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1949 እስራኤልንና አራት ዐረብ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አስፈርሞ ጦርነቱን ያስቆመ ሰው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዋሽንግተን ለምትኖሩት ደግሞ የሰፈር ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከዩ ስትሪት አጠገብ ባለው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ያቋቋመው እሱ ነው።

የተወለደው ዲትሮይት ሲሆን አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። እናቱ ስለታመመች ደረቁ አየር ይሻላታል ተብሎ ቤተሰቡ ወደ አልበከርኪ ሄደ፤ ግን በ1917 እዚያው አረፈች። አባቱም ከልጆቹ ጋር አልኖረም። ራልፍን ያሳደጉት አያቱ ሉሲ ጆንሰን ናቸው። ሎስ አንጀለስ ወስደው ትምህርት ቤት ሲያስገቡት፣ ልጁ የእጅ ሙያ ክፍል መመደቡን ሰሙ። አያት ዝም አላሉም፤ ልጄ ኮሌጅ ነው የሚገባው ብለው አስቀየሩት። (በአያት እጅ ያደጋችሁ ይህ ትግል ይገባችኋል።) በ1927 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ፣ በ1934 ደግሞ ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን አገኘ። ከዚያ እስከ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያለውን ልዝለለውና ወደ ሮድስ ልምጣ፤ ይህን ሰው የወደድኩት እዚያ ነውና።

በግንቦት 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ የዐረብ አገሮች ጦር ገባ። ድርጅቱ ስዊድናዊውን ፎልክ በርናዶትን አደራዳሪ አድርጎ ሾመ፤ ባንች ዋና ረዳቱ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1948 በርናዶት ኢየሩሳሌም ውስጥ በጽንፈኛ አይሁዶች ጥይት ተገደለ። ባንች በዚያች መኪና አብሮት ሊሄድ ነበር፤ መንገድ ላይ ዘግይቶ ቀረ። በእሱ ቦታ በርናዶት ጎን የተቀመጠው ፈረንሳዊ ኮሎኔልም አብሮ ሞተ። የአደራዳሪነቱ ሥራ በባንች ላይ ወደቀ።

ጥር 1949 ላይ የግብፅና የእስራኤል ልዑካን የግሪክ ደሴት በሆነችው ሮድስ፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኙ። ተገናኙ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ግብፅ እስራኤልን እንደ አገር አልተቀበለቻትም። ባንች ያደረገው የእኛ ሽማግሌዎች የሚያደርጉትን ነው። ሁለቱን መጀመሪያ ለየብቻ አነጋገረ፣ የአንዱን ቃል ለሌላው አለዝቦ አደረሰ፣ ቆይቶ አንድ ክፍል አስቀመጣቸው። ከባዱን ነገርም አላስቀደመም። በመጀመሪያ በአጀንዳው ላይ፣ ቀጥሎ አንዱ ሌላውን ላለማጥቃት በሚገባው ቃል ላይ ተስማሙ። ካርታው ሲዘረጋ ሰዎቹ አብረው መስማማትን ለምደው ነበር። ረቂቁን ራሱ ይጽፋል፣ ሌሊት ያስቀምጣቸዋል፣ ሲሰለቻቸው ቢሊያርድ ያጫውታቸዋል። የሚያማምሩ የሸክላ ሳህኖችም አሠርቶ አሳያቸውና፣ ከተስማሙ ለእያንዳንዳቸው እንደሚሰጥ፣ ካልተስማሙ ግን ራሳቸው ላይ እንደሚሰብራቸው በቀልድ ነገራቸው።

ትልቁ ቋጠሮ ፋሉጃ ነበር። ወደ 4,000 የሚጠጉ የግብፅ ወታደሮች እዚያ ተከበዋል፤ ከመኮንኖቹ አንዱ ጋማል አብደል ናስር ነበር። በመጨረሻ የተከበቡት እንዲወጡ፣ ኤል አውጃ የተባለው ቦታም ከጦር ነጻ እንዲሆን ተስማሙ። ለእኔ የባንች ብልሃት ጎልቶ የታየኝ ግን በስምምነቱ አንድ አንቀጽ ነው፤ የሚሰመረው መስመር የጦር መለያ ብቻ እንጂ የአገር ድንበር አይደለም ይላል። ግብፅ ድንበር ሳትፈርም ጦርነት ማቆም ቻለች። የካቲት 24 ቀን ተፈረመ። ሊባኖስ በመጋቢት፣ ዮርዳኖስ በሚያዝያ፣ ሶርያ በሐምሌ ተከተሉ። (እውነቱን ለመናገር የዮርዳኖሱ ዋና ድርድር ከንጉሥ አብዱላህ ጋር በጓዳ ነው ያለቀው።)

ነርስነት እየተማርኩ ስለሆነ ነገሩን በሙያዬ ዓይን አየዋለሁ። ደም እየፈሰሰው ለመጣ ሰው መጀመሪያ ደሙን ታቆሚለታለሽ፤ የቆየ በሽታው ከዚያ በኋላ ነው። ባንችም ሰላም አመጣለሁ አላለም፣ ደሙን ላቁም ነው ያለው። ያቆመው ደም ግን ቁስሉን አላዳነም። ከቤታቸው የተፈናቀሉት ወደ 700,000 የሚሆኑ ፍልስጤማውያን በሮድስ ወንበር አልነበራቸውም፤ ለጊዜው ተብሎ የተሰመረውም መስመር ለ18 ዓመት ድንበር ሆኖ ኖረ። ሰላምም ጦርነትም የሌለበት ዘመን ምን እንደሆነ ከ2000ው የአልጀርስ ስምምነት በኋላ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ያም ሆኖ በባንች ላይ መፍረድ አልችልም። እሱ የተኩሱን ጊዜ አሳጠረ፤ ሰላሙን ግን መንግሥታቱ ራሳቸው መጨረስ ነበረባቸው።

በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹመት ሲሰጡት እምቢ አለ፤ ዋሽንግተን ያኔ ጥቁርና ነጭ የሚለይባት ከተማ ነበረች፣ ልጆቹን እዚያ መልሶ ማሳደግ አልፈለገም። በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲደርሰውም፣ ለሽልማት አልሠራሁም ብሎ ሊተወው ነበር፤ ዋና ጸሐፊው ትሪግቬ ሊ ተቀበል አሉት። ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ።

ከስዊዝ ጦርነት በኋላ በ1956 የድርጅቱን የመጀመሪያ ሰላም አስከባሪ ጦር በግብፅና በእስራኤል መካከል ያደራጀው እሱ ነው። በ1960 ወደ ኮንጎ ሄደ፤ ከኢትዮጵያ የዘመቱት ወታደሮችም በዚያው ተልእኮ ነበሩ። በ1965 የስኳር በሽታ እያሠቃየው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በሴልማ ሰልፍ ተራመደ። በግንቦት 1967 ግን ግብፅ ሰላም አስከባሪው ጦር ከምድሬ ይውጣ አለች። ያዘዘው ከፋሉጃ ከበባ የወጣው ያ መኮንን፣ ናስር ነበር። ጦሩ ወጣ፣ በሰኔ ጦርነቱ ፈነዳ፣ የሮድስ መስመርም ተጣሰ።

ባንች በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ በጣም ደክሞ ነበር። ታኅሣሥ 9 ቀን 1971 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ። ግብፅና እስራኤል የሰላም ውል የፈረሙት ከ8 ዓመት በኋላ ነው። በአደራዳሪነቱ ዘመን ያሰማሯቸው መሣሪያ ያልያዙ ታዛቢዎች ቢሮ ዛሬም ኢየሩሳሌም አለ።