ኮሌራ የጠጣው ፕሮፌሰር

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ሲገባ እኔም ሰላጣ እርም ብዬ ነበር። ያኔ ትዝ ያለኝ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው።

ሰውየው ሙኒክን ንጹሕ ውኃና የፍሳሽ መስመር እንድታገኝ የታገለ ጀርመናዊ ሊቅ ነበር። ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1884 የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ቢያሳውቅም፣ እሱ ግን የአፈሩ ሁኔታ ካልተጨመረበት ባክቴሪያው ብቻውን ወረርሽኝ አያስነሳም ብሎ ሙጭጭ አለ። እ.ኤ.አ. በ1892 ሐምቡርግ ውስጥ ከ8 ሺሕ በላይ ሰው በኮሌራ ሲያልቅም አልተበገረም። በዚያው ዓመት፣ በ73 ዓመቱ፣ የጨጓራውን አሲድ በሶዳ አብርዶ ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ጭልጥ አደረገው! ለጥቂት ቀናት ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዞት ለቀቀው። እሱም እንዳሸነፈ ቆጠረው። ረዳቱ ኤመሪክም ጠጥቶ ከእሱ ብሶ ታመመ፤ ሆኖም ዳነ።

ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ በአንድ ሆድ መፍረዱን ግን አልቀበልም። ባክቴሪያው የገባበት ሁሉ አይወድቅም፤ ብዙው ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፈዋል። በምግብ ሲገባ ደግሞ ምግቡ ከጨጓራ አሲድ ስለሚከልለው፣ ከውኃው ባነሰ መጠን ሊያሳምም ይችላል። የእኔም ሰላጣ ጉዳይ ይኸው ነው።

የሚገርመኝ፣ በተሳሳተ ሐሳብ ተነሥቶ የታገለለት የፍሳሽ መስመር ትክክለኛው የኮሌራ መከላከያ መሆኑ ነው። ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1901፣ በ82 ዓመቱ፣ በገዛ ሽጉጡ ሕይወቱን አጠፋ።