አል-በታኒ፦ የቀደሙትን ያረሙ የፈለክ ሊቅ

ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ላይ ሆኖ የሶላት ወቅትን በስልኩ የሚያይ ሰው፣ ስልኩ ወቅቱን የሚያወጣለት የፀሐይን አካሄድ አስልቶ ነው። መረጃው ከተሳሳተ ስሌቱም ይሳሳታል። ይህን መረጃ በመፈተሽ ዕድሜያቸውን ከሰጡ የሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት አንዱ አቡ አብዲላህ ሙሐመድ ኢብን ጃቢር አል-በታኒ ናቸው።

አል-በታኒ የተወለዱት ዛሬ በቱርክ ውስጥ በምትገኘው ሐራን ሲሆን፣ ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ858 ጥቂት ቀደም ብሎ እንደሆነ ይገመታል። ሥራቸውን የሠሩት ግን በሶርያ፣ በኤፍራጥስ ወንዝ ዳር ባለችው ረቃ ከተማ ነው። ከ264 እስከ 306 ዓመተ ሂጅራ፣ ከ40 ዓመታት በላይ ሰማይን ተመለከቱ፤ ለኩ፤ መዘገቡ።

በዘመኑ የሚታመነው ሰነድ የበጥሊሞስ (ቶለሚ) መጽሐፍ ነበር፤ ያኔ 700 ዓመት አልፎታል። በጥሊሞስ የዓመቱን ርዝመት 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ብሎ ነበር። አል-በታኒ ግን ከ5ቱ ሰዓት በላይ ያለው 46 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ብቻ ነው አሉ። ዛሬ የሚታወቀው 48 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነው። ፀሐይ ከምድር እጅግ የምትርቅበት ነጥብም ከበጥሊሞስ ዘመን ወዲህ ቦታውን መቀየሩን አሳዩ።

የቀረችው የ2 ደቂቃ ልዩነት ከየት መጣች? የራሳቸውን ምልከታ ያነጻጸሩት፣ በጥሊሞስ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ብሎ ከመዘገበው ዕለት ጋር ነበር። ያ መዝገብ ደግሞ አንድ ቀን ያህል ተሳስቷል። ስህተቱን ከብዙ ዘመን በኋላ ያስተዋለው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። ሳይፈተሽ የተወረሰ አንድ ቁጥር የአራሚውንም ሥራ እንዲህ ይነካል።

አል-በታኒ ዚጅ በሚባለው የሰንጠረዥ መጽሐፋቸው የበጥሊሞስን ውለታ ሳይክዱ፣ እርሱ የቀደሙትን ሥራ እንዳረመ ሁሉ ተከታዮቹም የእርሱን እንዲያርሙ ያሳሰበውን ምክር መከተላቸውን ገለጹ።

በ317 ዓመተ ሂጅራ (929) በደል የደረሰባቸው የረቃ ሰዎች አቤቱታ ይዘው ወደ ባግዳድ ሲሄዱ አል-በታኒ አብረዋቸው ተጓዙ። ሲመለሱም በሳመራ አቅራቢያ፣ ቀስር አል-ጂስ በተባለ ስፍራ አረፉ። መጽሐፋቸው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ ኮፐርኒከስም በ1543 በታተመው ሥራው ስማቸውን ጠቅሷል።

ዛሬ ሰማይን በኮምፒውተር የሚያሳየው ነፃ ሶፍትዌር ስቴላሪየም የሚኖረው በዚሁ መንገድ ነው። የሳተላይቶችና የጅራታም ኮከቦች ምህዋር መረጃ ካልታደሰ ቶሎ ያረጃል። ፈቃዱ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያርመው ያስችላል፤ አርሞ የሚያሰራጭ ግን የቀደሙትን ስም ሳያጠፋ፣ በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፍት ማድረግ አለበት። ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ሁሉ ያለ ክፍያ ሊያወርደው ይችላል።

አላህ ለአል-በታኒ ይዘንላቸው፤ እኛንም በጠቃሚ ዕውቀት ይጥቀመን።