ኤዲሰን፡- የመስማት ችግር ያልበገረው የቴሌግራፍ ባለሙያ

በኤሌክትሪክ አምፖልና በፎኖግራፍ ሥራዎቹ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ቶማስ አልቫ ኤዲሰን ወደ ፈጠራው ዓለም የገባው በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ነው። ጆሮው በሚገባ የማይሰማው ይህ ሰው፣ በጆሮ የሚነበበውን የሞርስ ኮድ ወደ ወረቀትና ወደ መዳፍ አሸጋግሮ ተጠቅሞበታል።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በኦሃዮ ግዛት ሚላን በተባለች ከተማ ተወልዶ፣ በሚችጋን ግዛት ፖርት ሂውረን ከተማ አደገ። ከ12 ዓመት ዕድሜው ገደማ ጀምሮ የመስማት ችሎታው እየደከመ ሄደ። በዚያው የልጅነት ዘመኑ በባቡር ላይ ጋዜጣ እየሸጠ ይተዳደር ነበር። በ1862 አንድ ሕፃን ከባቡር አደጋ በማዳኑ፣ የሕፃኑ አባት የነበሩት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ውለታውን ለመመለስ የቴሌግራፍን ሙያ አስተማሩት።

ሳሙኤል ሞርስ የሠራው የቴሌግራፍ መሣሪያ በመጀመሪያ መልእክቱን በወረቀት ጥብጣብ ላይ በነጥብና በሰረዝ የሚያሰፍር ነበር። ሠራተኞች ግን የመሣሪያውን ምት በጆሮ ተከታትሎ መጻፍ ይበልጥ ፈጣን ሆኖ ስላገኙት ጥብጣቡ ቀስ በቀስ ተተወ። ኤዲሰን ሙያውን የተቀላቀለው በዚህ ወቅት ሲሆን፣ በቅርቡ ያለውን መሣሪያ ምት መስማት አላቃተውም፤ የሌሎቹ መሣሪያዎች ጫጫታም አላስቸገረውም።

ይሁን እንጂ በፍጥነት የሚተላለፍ ዜና እያመለጠው ተቸገረ። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ ተቀጥሮ ሳለ ሁለት አሮጌ የወረቀት መሣሪያዎችን አገናኘ፤ አንደኛው መልእክቱን በጥብጣብ ላይ ሲያሰፍር፣ ሌላው ያንኑ በዝግታ መልሶ ያሰማው ነበር።

ይኸው ሐሳብ ከዓመታት በኋላ ታላቅ ፍሬ አፈራ። ኤዲሰን በ1874 በአንድ ሽቦ አራት መልእክቶችን በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፍ ቴሌግራፍ ሠራ። በ1877 ደግሞ የሞርስ ምልክቶችን በወረቀት ላይ እየቀረጸ መልሶ የሚልክ መሣሪያ ሲያሻሽል፣ የሰው ድምፅም በተመሳሳይ መንገድ ሊቀረጽ እንደሚችል ተገነዘበ። በዚያው ዓመት ፎኖግራፍን ለዓለም አበረከተ። የመሣሪያውን ድምፅ ለመመርመርም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በአጥንቱ ያዳምጥ ነበር።

ሞርስ ከኤዲሰን ቤተሰብም አልተለየም። የመጀመሪያ ሁለት ልጆቹን ነጥብና ሰረዝ በሚል የቁልምጫ ስም ይጠራቸው ነበር። የልጆቹ እናት ሜሪ ስቲልዌል በ1884 ካረፈች በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ከሚና ሚለር ጋር ተዋወቀና የሞርስን ኮድ አስተማራት። ብዙም ሳይቆይ ከወዳጆቻቸው ጋር በኒው ሃምፕሻየር ተራሮች ሲጓዙ የጋብቻ ጥያቄውን በመዳፏ ላይ በጣቱ እየመታ አቀረበላት። እርሷም መስማማቷን በዚያው መንገድ ገለጸችለት፤ አብረዋቸው የተጓዙት ሰዎች የሰሙት ነገር አልነበረም። ጥንዶቹ በፌብሩዋሪ 1886 ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በትዳር ዘመናቸውም ሚና በቲያትር ቤት የተዋንያኑን ንግግር በጉልበቱ ላይ በሞርስ እየመታች ታስረዳው እንደነበር ይነገራል።

በአሜሪካ 1 ሺህ 93 የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫዎችን ያገኘው ኤዲሰን በ84 ዓመቱ ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በዌስት ኦሬንጅ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሕይወቱ አልፏል። የሰው ልጅ ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማት የቻለው የመስማት ችግር በነበረበት በዚህ የቴሌግራፍ ሠራተኛ አማካይነት መሆኑ የሕይወት ታሪኩን ልዩ ያደርገዋል።